የታመመ ኩላሊትና የደም ስብ

አበው በጸሎታቸው ልብ ያሰበውንና ኩላሊት ያመላለሰውን መርማሪ አምላክ እያሉ ሁለቱን ብልቶች አጣምረው መጥራታቸው ስለ ነፍስ ምሥጢር ቢሆንም፣ ኩላሊቱ የታመመን ሰው ብዙውን ጊዜ ለሞት የሚያበቃው የልብና የደም ሥር ደዌ ነውና፣ ጥምረቱ በሥጋም እውነት ሆኖ ይገኛል። ከደዌው መንገዶች አንዱ ኮሌስትሮል የተባለው የስብ ወገን ነው።

በሎንዶን የጋይ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሪቻርድ ብራይት፣ ፊቱና እግሩ ያበጠውን በሽተኛ ሽንት በማንኪያ ቀድቶ በሻማ ነበልባል ላይ ሲያሞቅ፣ የዕንቁላል ነጭ ምጣድ ሲነካው እንደሚረጋ ሁሉ ሽንቱ ነጥቶ ሲረጋ ይመለከት ነበር፤ ስለዚህም ደዌ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለሐኪሞች አስታወቀ። ከእንዲህ ያሉ በሽተኞች የተቀዳው ደም ረግቶ ሲጠልል፣ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ አንዳንድ ጊዜ ወተት እስኪመስል ይነጣል። ሽንቱን ያረጋው ፕሮቲን፣ ደሙን ያነጣው ስብ ሲሆን፣ ሁለቱ የአንድ ደዌ ምልክቶች ናቸው።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቃን ማጣሪያዎች አሉ፤ ጤነኞች ሲሆኑ አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ከሞላ ጎደል አያሳልፉም፤ ክፉኛ ሲላሽቁ ግን በቀን ከ3.5 ግራም የበለጠ ፕሮቲን በሽንት ይወርዳል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ሲበረታ፣ ከአልቡሚኑ ጋር ስብ ተሸካሚዎቹን ጭምር ያበዛል፤ ኮሌስትሮል በውኃ የማይሟሟ በመሆኑ ያለ ተሸካሚ በደም ውስጥ መጓዝ አይችልምና፣ ተሸካሚው ሲበዛ ሸክሙም ይበዛል። በዚያ ላይ ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም መልሶ የሚቀበልባቸው በሮች ይቀንሳሉ፤ ስቡን የሚበትነውም ኤንዛይም ይደክማል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን በሽተኛ «ቅቤ አብዝተህ ነው» ብሎ መውቀስ፣ በደዌው ላይ በደል መጨመር ይመስለኛል።

ኩላሊት ቀስ በቀስ ሲከስም ግን ነገሩ ይሰወራል። ጠቅላላው የኮሌስትሮል መጠን ደኅና መስሎ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ ከፍ ይላል፤ «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ የቀረውም ደም ሥርን የመጥረግ ኃይሉ ይደክማል፤ «መጥፎው» ደግሞ አንሶና ጠጥሮ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ለመስረግ ይመቸዋል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ሻርፕ የተባለው ጥናት፣ ከ9,000 በላይ የኩላሊት ሕሙማንን ይዞ፣ ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ከደም ሥር መጥበብ የሚመጡትን አደጋዎች እንደሚቀንስ አሳየ። ቀደም ብለው በ2005 እና በ2009 የታተሙት ሁለት ጥናቶች ግን፣ መድኃኒቱ የኩላሊት እጥበት ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሲሰጥ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙበትም፤ በዚያን ጊዜ የብዙዎቹ ሕሙማን ደም ሥር በስብ ብቻ ሳይሆን በካልሲየምም ደንድኖ ይገኛልና።