ከሲኤንኤ ወዲያ
በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች አረጋውያንን የሚያጥቡት፣ የሚያለብሱት፣ የሚያጎርሱትና ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያዘዋውሩት ሲኤንኤ የሚባሉት ረዳቶች ናቸው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሥራውን መጀመር ብዙ አይከብድም፤ የሚከብደው ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ነው።

የሲኤንኤ ሥልጠና መሠረት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነው። ቢያንስ 75 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ በነርስ እየታዩ የሚሠሩበት ልምምድ ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው በግዛቱ መዝገብ ይሰፍራል፤ በየዓመቱም 12 ሰዓት ተጨማሪ ይሠለጥናል። ካሊፎርኒያ 160፣ ሜይን 180 ሰዓት ያስተምራሉ። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2008 ቁጥሩ ወደ 120 ከፍ እንዲል ቢመክርም የፌዴራሉ ሕግ ከ75 አልተነቃነቀም። ይህ በጣም ያንሳል። የመርሳት ሕመም ያለባት እናት ስትደነግጥ ማረጋጋት፣ የአልጋ ቁስል ገና ቆዳው ሲቀላ መለየት በሁለት ሳምንት አይለመድም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ መብት አለ። ነርሲንግ ሆም የቀጠረውን ሠልጣኝ ለትምህርቱም ሆነ ለፈተናው ማስከፈል አይችልም። በራሱ ገንዘብ የተማረም ቢሆን፣ በጨረሰ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከቀጠረው ግዛቱ ወጪውን ሊመልስለት ይገባል። ስለዚህ ደረሰኝ አይጣልም።

ቀጣዩ እርከን በብዙ ግዛቶች መድኃኒት አዳይ ረዳት መሆን ነው፤ ከዚያ በአንድ ዓመት ገደማ ትምህርት የሚደረስበት ኤልፒኤን (ፈቃድ ያለው ተግባራዊ ነርስ)፣ ቀጥሎም አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) አለ። ችግሩ ያለፈው ልፋት አለመቆጠሩ ነው። አሥር ዓመት በሽተኛ ያገላበጠች ሴት ኤልፒኤን ለመማር ስትመዘገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አልጋ አነጣጠፍ ከማታውቀው ልጅ ጋር ከአንድ ትጀምራለች። ክፍሉ ቀን ነው፤ ሥራዋም ቀን ነው። አገር ቤት በነርስነት ተመርቀው የመጡትም የትምህርት ማስረጃቸው እስኪመዘን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና እስኪያልፉ በሲኤንኤነት ዓመታት ይገፋሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ የማታ ትምህርት፣ ለክፍል ሰዓት የሚመች ሺፍት፣ አሠሪው አስቀድሞ የሚከፍለው የትምህርት ወጪ። ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። በ2021 ሄልዝ አፌርስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በነርሲንግ ሆሞች የነርሶችና የረዳቶች ዓመታዊ የመልቀቅና የመተካት መጠን በአማካይ ከመቶ በመቶ ይበልጣል። የለቀቀውን ለመተካት ማስታወቂያ ማውጣት፣ ኤጀንሲ መጥራትና አዲስ ማሠልጠን በየዓመቱ ወጪ ያስወጣል፤ ያው ገንዘብ ሠራተኛዋን ኤልፒኤን ሊያስተምራት ይችላል።