ሰምተው ኖረው መስማት ላቆሙ

በጉልምስናው የደነቆረ ሰው አፍ መፍቻ ቋንቋው አይጠፋበትም፤ የሚርቀው የሰው ድምፅ ነው። ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው ክልል ካሉት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከበሽታው የተረፈ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደነቁር ይችላል። ቸል የተባለ የጆሮ መግልም ቀስ በቀስ ሊያደነቁር ይችላል።

በጉልምስናቸው ከደነቆሩት አንዱ አሜሪካዊው አይ. ኪንግ ጆርዳን ናቸው፤ በአገራቸው አንድ ሽልማት በስማቸው ይሰጣል። እሳቸው በ21 ዓመታቸው በሞተር ሳይክል አደጋ ደንቁረው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው መስማት የተሳናቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ፊደል ቆጥሮ ለደነቆረ ጎልማሳ ቶሎ የሚደርስለት ብዕርና ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ የጣት ፊደል። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ 7ቱን ድምፆች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለየው እንቅስቃሴ ነው። «ደባርቅ» የሚለው የከተማ ስም ሲጻፍ «ባ»ን ከ«በ» የሚለየው ይኸው እንቅስቃሴ ነው።