የተጎዳ ሃርድ ዲስክ፦ መረጃን የሚያድነው አለመቸኮል ነው

በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ሥራ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሯል። የዝናብ መጠን ምዝገባ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት ዝርዝር እና የሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ፎቶግራፍ አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብቻ ይቀመጣሉ። ይህቺ ዲስክ የወደቀች ዕለት የዓመታት ልፋት አደጋ ላይ ይወድቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ችግር አላመለጠም። የገጠር ዘገባዎቼን የያዘች ዲስክ ከሞተር ብስክሌት ላይ ወድቃ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ደንግጬ ደጋግሜ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘኋት፤ በመጨረሻ ድምጿም ጠፋ። በውስጧ ስለ ጤፍ ዘር አመራረጥ ያስረዱኝ የአንድ አዛውንት አርሶ አደር ቃለ መጠይቅ ነበር። አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዲስኳን የጎዳት መውደቋ ብቻ ሳይሆን የእኔ ጥድፊያም እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ምክንያቱ በአሠራሩ ላይ ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚጻፍባቸው ክብ ሳህኖች አሉ፤ በብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በደቂቃ 5 ሺህ 400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። መረጃ የሚያነበው ክፍል ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። ዲስኩ ሲወድቅ ይህ ክፍል ሊጣመም ይችላል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። የተፋቀውን መረጃ ደግሞ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ጉዳቱን መለየት ነው። ዲስኩ ከወደቀ፣ ውሃ ከገባበት፣ የመቃጠል ሽታ ካለው ወይም እንግዳ ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ ዳግም አይሞከር። በቤት ውስጥ መክፈት ብናኝ ያስገባል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥም እርጥበት ስለሚፈጥር ጉዳቱን ያባብሳል። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚከፈተው ከብናኝ በጸዳ ክፍል፣ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው።

ድምፁ ጤናማ ሆኖ ኮምፒውተሩ ዲስኩን የማያነበው ከሆነ ግን በቅድሚያ በሌላ ኬብል እና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ተገቢ ነው፤ አንዳንዴ የተበላሸው ኬብሉ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት አይገባም። ስህተት የሚያርም ፕሮግራም ማስነሳትም በተዳከመ ዲስክ ላይ አደገኛ ነው።

በስህተት ለተሰረዘ ፋይል ተስፋው ሰፊ ነው። ፋይል ሲሰረዝ የሚጠፋው አድራሻው እንጂ ይዘቱ ወዲያው አይደለም። የባለይዞታው ስም ከመዝገብ ቢፋቅም ሰብሉ ከማሳው ላይ እንዳለ ማለት ነው፤ የሚጠፋው ማሳው ታርሶ ሌላ ዘር ሲዘራበት ነው። በመሆኑም በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር መጻፍ አይገባም። ኤስኤስዲ በተባለው ዓይነት ማከማቻ ላይ ግን የተሰረዘ መረጃ ፈጥኖ ሊጸዳ ስለሚችል ተስፋው ጠባብ ነው።

የማዳኑ ሥራ የሚጀመረው የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ወደ ሌላ ጤናማ ዲስክ በመውሰድ ነው። ለዚህ ዲዲሬስኪው የተሰኘው ነጻ ሶፍትዌር ያገለግላል፤ በቅድሚያ ጤናማውን ክፍል ገልብጦ ወደ ተጎዳው ይመለሳል። ከዚያም ቴስትዲስክ እና ፎቶሬክ በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፋይሎቹን ከግልባጩ ላይ መፈለግ ይቻላል።

ክፉኛ ከተጎዳ ዲስክም መረጃ የተገኘበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተሰኘችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከስብርባሪዋ መካከል ከተገኘ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ላይ ባለሙያዎች 99 በመቶ ያህሉን መረጃ መልሰዋል። የሳይንስ ሙከራው ውጤትም በ2008 ለኅትመት በቅቷል። ሳህኖቹ የተጎዱት መረጃ ባልተጻፈበት ክፍል ላይ ስለነበር ሥራው ተሳክቷል። ሳህኑ ደኅና እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥንቃቄው መቅደም አለበት። አስፈላጊ መረጃ ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይያዝ፤ አንዱ ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው በትክክል መከፈቱም በየጊዜው ይፈተሽ። ብልህ አርሶ አደር ለከርሞ የሚዘራውን ዘር ሁሉ በአንድ ጎታ አያስቀምጥም፤ መረጃም እንደ ዘር ነው።