እፍኝ ይዞ ወፍጮ ቤት

ፓይቶርች የተባለውን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ መማር የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀይ የስህተት መልእክት ይገጥመዋል። ቴንሰሮቹ ሁሉ አንድ ዲቫይስ ላይ መሆን ሲገባቸው አንዱ ሲፒዩ ላይ፣ ሌላው «ኩዳ ዜሮ» ላይ፣ ማለትም ጂፒዩ ላይ፣ ተገኘ ይላል። ሰውየው ኮዱን ደጋግሞ ያያል። ሁለት ሰንጠረዥ ልደምር ነው ያለው፤ ምን አጠፋ?

ጥፋቱ ኮምፒውተሩን አንድ አድርጎ ማሰቡ ነው። የጂፒዩ ካርድ የተሰካበት ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጎጆ የወጣበት ቤት ነው። ሲፒዩ የራሱ ራም አለው፤ ጂፒዩም በካርዱ ላይ የራሱ ሚሞሪ አለው። ቴንሰር፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ስብስብ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር የሚፈጠረው በሲፒዩ በኩል ነው። ወደ ጂፒዩ የሚወስደው «ቱ» የሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚመልሰው ደግሞ «ሲፒዩ» ይባላል።

«ቱ» አንድ አመል አለው፤ ብዙ ሰው አስለቅሷል፣ እኔንም ጭምር። ቴንሰር ላይ ሲጠራ ቅጂ ሠርቶ ይሰጣል እንጂ የነበረውን ከቦታው አያነሳም። ቅጂውን በስም ካልያዙት ትእዛዙ ምንም እንዳልተሠራ ይሆናል። ሞዴል ላይ ሲጠራ ግን ክብደቶቹን፣ ማለትም ሞዴሉ የሚማራቸውን ቁጥሮች፣ ራሳቸውን ይወስዳል። ለምን ሁለቱ አንድ ዓይነት እንዳልተደረጉ የሚሰጠው ማብራሪያ ያስኬዳል፤ ለጀማሪ ግን ወጥመድ መሆኑ አልቀረም።

ትእዛዟ አጭር ናት፤ መንገዱ ግን አጭር አይደለም። በ2020 የወጣውን የኤንቪዲያ ኤ100 ካርድ እንውሰድ። ባለ 40 ጊጋባይቱ ካርድ ከራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 1,555 ጊጋባይት ያህል ያነባል። ካርዱን ከሲፒዩ ጋር የሚያገናኘው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ግን በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ከ32 ጊጋባይት አያልፍም፤ ያውም በወረቀት ላይ። አሁን 10,000 በ10,000 የሆነ ሰንጠረዥ ይኑረን። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ ሰንጠረዡ 400 ሜጋባይት ነው። ለመሄድ ቢያንስ 12 ሚሊሰከንድ፣ ለመመለስም ቢያንስ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ጂፒዩው በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1 ለመደመር የሚፈጅበት ግን ግማሽ ሚሊሰከንድ ነው። እፍኝ ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ ይህን ፕሮግራም የጻፈው ግን ሄዷል።

ሁለት እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦችን ማባዛት ሌላ ነገር ነው። ሥራው 2 ትሪሊዮን ስሌት ነው፤ ካርዱ በ32 ቢት ስሌት በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ እንኳ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይይዘዋል። ሁለቱን ወስዶ ውጤቱን መልሶ ለማምጣት፣ በወረቀት ላይ ባለው ፍጥነት፣ ከ40 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃል። ይህ ሙሉ ጆንያ ነው፤ መንገዱን ያዋጣል። ውጤቱ እዚያው ጂፒዩ ላይ ቆይቶ ለሚቀጥለው ስሌት ቢውል ደግሞ የመመለሻው ወጪ ጭራሽ ይቀራል። ሞዴል ሲሠለጥን ክብደቶቹ አንዴ ከገቡ በኋላ እዚያው የሚከርሙት፣ የሚመላለሰውም አዲስ መረጃ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የከፋው ሳይታወቅ የሚደረገው ጉዞ ነው። ሲፒዩ ለጂፒዩ ሥራ ሲሰጥ አጠገቡ ቆሞ አይጠብቅም፤ አዝዞ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ነገር ግን ፕሮግራመሩ በየሥልጠናው ዙር የሞዴሉን የስህተት መጠን ላትምና ልይ ብሎ «አይተም» የሚለውን ከጠራ፣ ያቺን አንዲት ቁጥር ለማምጣት ሲፒዩው የተሰለፈው ሥራ ሁሉ እስኪያልቅ ይቆማል። የምትጓጓዘው 4 ባይት ናት፤ የሚባክነው ጊዜ ግን ከባይቱ ጋር አይመጣጠንም።

መንገዱን የሚያቀልሉ ዘዴዎች አሉ። ራም ላይ ያለው መረጃ ስርዓተ ክወናው እንዳያነሳው ቦታው ላይ ከተቆለፈ፣ ጂፒዩው ያለ ተጨማሪ ቅጂ በቀጥታ ይወስደዋል፤ ስሌቱና ጭነቱም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ፓይቶርች ይህን «ፒን ሚሞሪ» ይለዋል። የአፕል ኤም1 ቺፕና ተከታዮቹ ችግሩን ከሥሩ ቀይረውታል፤ ሲፒዩና ጂፒዩ አንድ ሚሞሪ ይጋራሉ። አፕል በ2023 ባወጣው ኤምኤልኤክስ ላይብረሪ ውስጥ አሬይ (እዚያ ቴንሰር የሚጠራበት ስም) አይጓጓዝም፤ የሚመረጠው ስሌቱን የትኛው ይሥራው የሚለው ነው።

የፓይቶርች አቻ የሆነው ቴንሰርፍሎው በበኩሉ ቴንሰሮች የተለያየ ዲቫይስ ላይ ሲገኙ ስህተት ከማሳየት ይልቅ ራሱ በዝምታ ይገለብጣል። ደግነት ይመስላል፤ እኔ ግን የፓይቶርችን ግትርነት እመርጣለሁ። ዋጋ ያለው ጉዞ ሳይነገር ሲፈጸም፣ ፕሮግራሙ ለምን እንደተንቀራፈፈ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ቢዘገይ፣ አዲስ ካርድ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሥልጠናውን ዙር ክፈቱና በውስጡ «ሲፒዩ» እና «አይተም» ስንት ጊዜ እንደተጠሩ ቁጠሩ።