ባለ አምስት መርከብ ቤተ ክርስቲያን

በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በኮሎኝ ከተማ የሚገኘው ታላቁ ካቴድራል፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1248 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ በ1880 ዓ.ም. ተፈጸመ። ሁለቱ ግንቦቹ 157 ሜትር ከፍታ አላቸው። የአገሩ ሊቃውንት ስለዚህ ሕንፃ በጀርመንኛ የጻፉትን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ግን፣ ሁለቱን ቋንቋ ቢያውቅም እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሳያልፍ ይቸገራል።

ጀርመኖች ሕንፃውን የዓምዶች ረድፍ ሲከፍለው እያንዳንዱን ክፍል «ሺፍ» ይሉታል፤ ይኸውም መርከብ ማለት ነው። ስለዚህ የኮሎኙን ካቴድራል ባለ አምስት መርከብ ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዞች ደግሞ መካከለኛውን ብቻ «ኔቭ» ብለው፣ በግራና በቀኝ ያሉትን «አይል» ብለው ይጠሩአቸዋል። እንግዲህ አምስቱ መርከብ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አንድ ኔቭና አራት አይል ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩን ሳይነኩ «ባለ አምስት አይል» ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ልማዱም የታወቀ ነው። እኛ ግን አንወደውም፤ መጽሐፉን ይዞ በዓምዶቹ መካከል እየተዘዋወረ የሚቈጥር እንግዳ አምስተኛውን አይል ፈልጎ ያጣዋልና። ኔቭ የሚለውም ቃል የመጣው መርከብ ከሚለው የላቲን ቃል ነው ይባላል፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ሲሰማው ባሕርም ታንኳም ትዝ አይለውም። ቤተ ክርስቲያንን በኖኅ መርከብ እየመሰልን ለተማርነው ለእኛ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

«ኮር» የሚለው ቃል ከዚህ ይብሳል። ይህ ምሥራቃዊው ክፍል ከዋናው መንበር ጋር በ1322 ዓ.ም. ቅዳሴ ቤቱ የተከበረ ሲሆን፣ ምዕራባዊው ሥራ ስለ ዘገየ በግድግዳ ተዘግቶ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ግድግዳው የፈረሰው በ1863 ዓ.ም. ነው። ተርጓሚው ቃሉን በእንግሊዝኛ «ኳየር» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ተራው አንባቢ መዘምራኑን ወይም መቀመጫቸውን ያስባል፤ መንበሩን አያስብም። እኛም ወደ አማርኛ ስንመልስ ቅኔ ማኅሌት ብንለው በዚያው ስሕተት እንወድቃለን። ቃሉ ቢረዝምም «መንበሩ ያለበት ምሥራቃዊ ክፍል» ማለት ይሻላል።

ከጣራው መካከል 109 ሜትር የሚደርስ ሌላ ቀጭን ግንብ ቆሟል። ጀርመንኛው የዚህን ዓይነቱን ግንብ «ዳኽራይተር»፣ የጣራ ፈረሰኛ ይለዋል። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው ምስኪኑን አንባቢ በጣራ ላይ ፈረስ ያስፈልገዋል!

በሁለቱ ታላላቅ ግንቦች ጫፍ ላይ ያለው የድንጋይ ጌጥ «ክሮይትስብሉመ»፣ የመስቀል አበባ ይባላል። እንግሊዝኛው «ፊኒያል» ሲለው ከመስቀሉም ከአበባውም አንዱ አይተርፍም፤ ጫፍ መሆኑ ብቻ ይቀራል። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት የዚሁ ጌጥ አምሳያ በልኩ ተሠርቶ መሬት ላይ ቆሟልና፣ ተርጓሚው ከተጠራጠረ አጠገቡ ቆሞ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ መመልከት ይችላል።