የስፌት ሥራ የዓመት ዕቅድ

ስፌት የሚወዱ ጓደኞቼ ብዙ ሥራ ጀምረው ጥቂቱን ብቻ ሲፈጽሙ አያለሁ። ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን የዕቅድ ጉድለት ይመስለኛል።

የስፌት ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ ነውና። ስለዚህ በዚያ ወር ሦስት ነገር በደብተሬ እጽፋለሁ፤ ይኸውም የምሰፋውን ዕቃ፥ የሚበቃውን ስንደዶና ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ነው።

ሥራው የት እንደ ደረሰ ሲመረመር ግን ዓይን ያታልላል። ሰፌድ ከመካከሉ ተጀምሮ በወስፌ እየተጠመጠመ ሲሰፋ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይረዝማል። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰፌድ 20 ሲደርስ እኩሌታው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው፥ የክብ ወርድ ግማሽ ሲሆን ስፋቱ ሩብ ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ ኅዳር 1 ቀን ጀምራ በ5 ሳምንት 20 ሳንቲ ሜትር ብታደርስ፥ «ለጥምቀት እሰጥሻለሁ» ብላ ለእናቷ ቃል ትገባ ይሆናል። በየሳምንቱ እኩል ብትሠራ ግን ጠቅላላው 20 ሳምንት ይፈጃል፤ ሰፌዱም የሚደርሰው መጋቢት 21 ቀን ነው።

ስለዚህ እኔ ወርዱን ሳይሆን ያለቀውን ስንደዶ እቆጥራለሁ። ከተዘጋጀው 4 እስር 1 ሲያልቅ ሩቡ ተሠራ ማለት ነው።

በጳጉሜን ደብተሬን መልሼ አነባለሁ። ያላለቀው ሥራ በአዲሱ ዕቅድ ራስ ላይ ይጻፋል፤ የተረፈው ወይም ያነሰው ስንደዶም በመስከረም ስንት እስር መልቀም እንደሚገባኝ ይነግረኛል። እንዲህ ከታሰበ ለእናት የተነገረው ቀን አይታጠፍም።