የሞት ሸለቆን በመኪና፦ የጉዞ ዕቅድና የሙቀት ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 10 ቀን 1913 በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየር ሙቀት ተመዝግቧል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ልኬቱን ቢጠራጠሩትም እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ስለዚህ ይህን ብሔራዊ ፓርክ በመኪና ለመጎብኘት የሚያቅድ ሰው ከካርታው አስቀድሞ ወቅቱን መምረጥ ይገባዋል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ይሻላል።

የሸለቆው ወለል በባድዋተር ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል (የእኛው ዳሎል አካባቢ ከዚህም ይጠልቃል)። ከምዕራብ የሚመጣውን እርጥበት የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ስለሚያስቀሩት ሰማዩ ደመና የለሽ፣ ምድሩም ደረቅ ነው። ከወለሉ የሚነሣው ሞቃት አየር በዙሪያው ባሉት ተራሮች ታግዶ ይመለሳል፤ ሲወርድም ስለሚታመቅ ይብሱን ይግላል።

አደጋው በድርቀቱ ውስጥ ይደበቃል። ላብ ወዲያው ስለሚተን ተጓዡ ያላበው አይመስለውም፤ ሰውነቱ ግን ውኃ እያጣ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ መያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

መኪናውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ራዲያተር ሙቀትን የሚያስወግደው በውስጡ ባለው ፈሳሽና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ አየሩ ሲግል ልዩነቱ ይጠባል። በረጅም ዳገት ኤሲውን ማጥፋት ይረዳል። የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በግፊት ታምቆ የቆየው ፈሳሽ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት ፈልቶ ይረጫል።

የቀኑ ዕቅድ ከዚህ ይወጣል፦ ጎሕ ሲቀድ ዛብሪስኪ፣ ማለዳ ባድዋተር፣ ቀትር ላይ ደግሞ 1,669 ሜትር ከፍታ ያለው የዳንቴ ማያ። ከዚያ ሆኖ ጠዋት የረገጡትን ነጭ የጨው ሜዳ ከ10 ዲግሪ በላይ በቀዘቀዘ አየር ቁልቁል መመልከት ይቻላል።